ሰባት ዓመት ምን ሠራሽ?

ይድረስ ለማከብርዎ እማማ፤

እንደምን ከረሙ? ወደ ቤትዎ ከተመለሱ ወዲህ የእግርዎ እብጠት ጎደለልዎ ወይ? ጨው እንደማይተዉ አውቃለሁ፤ አጠገብዎ ሆኜ ስለማልጨቀጭቅዎ በደብዳቤ ልጨቅጭቅዎ። እኔና የልጅ ልጅዎ ደህና ነን። እሷ የፊት ጥርሷ ወልቆ "ሰላም በይልኝ" ስትል "ሸላም" ይሆንባታል።

እማማ፣ ሥራ መፈለግ ጀምሬ ነበር። "ምን ጎደለሽ?" እንደሚሉኝ ከወዲሁ ይሰማኛል። ብቻ አርፌ መቀመጥ አቃተኝ። አንዱን ክፍል ጠርጌ ሳልጨርስ ሌላው ውስጥ እገኛለሁ፤ ስልኩ ሳይጠራ የጠራ ይመስለኛል። በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ስል ከላይ የሚኖሩት ጡረተኛ አዩኝና፣ "አንቺ ልጅ፣ ሲሚንቶውን ልትጨርሺው ነው" አሉኝ። እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠራተኛ ሲቀጥሩ የኖሩ የአስተዳደር ኃላፊ ነበሩ። ሥራ እንደምፈልግ ስነግራቸው፣ "እንግዲያው ልፈትንሽ" ብለው ወንበር ሳቡ።

መጀመሪያ ስለ ራስሽ ንገሪኝ አሉ። ስለ ልጄ፣ ስለ እርስዎ፣ ስለ ልጅዎ አወራሁ። ሲሰሙኝ ቆዩና፣ "ሁሉንም ቀጥሬያቸዋለሁ፤ አንቺስ የት አለሽ?" አሉኝ። ስቄ ልሞት ነበር፤ ቤቴ ስገባ ግን ጥያቄያቸው አልለቀቀኝም።

ከዚያ ወዲህ የኮምፒውተር ትምህርት ገባሁ። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች "እትዬ" ይሉኛል፤ የእነሱ ጣት ሲበር የእኔ ፊደል ፍለጋ ይንከራተታል። ሳላገባ የሠራሁበትን መጋዘን ለምኜ የሥራ ልምድ አጻፍኩ። ሲቪዬን ጡረተኛው ደጋግመው አስቀየሩኝ።

ቀድሞ የጠራኝ አንድ የጨርቅ መደብር ነበር። ሰባት ዓመት ምን ሠራሽ ሲሉኝ፣ "ይቅርታ፣ ቤት ነበርኩ" አልኩ። እንደውልልሻለን አሉኝ፤ አልደወሉም። ጡረተኛው ተቆጡኝ። "ይቅርታው ስለ ምን ነው? ሰርቀሽ ነው?"

ቀጥሎ መድኃኒት አከፋፋይ ዘንድ ቀረብኩ። ያንኑ ጠየቁኝ። ልጅ አሳደግኩ፣ አማቴን አስታመምኩ አልኩ። መድኃኒትዎ ሰዓቱ እንዳያልፍ፣ የስኳር መርፌዎ እንዳይበላሽ መብራት ሲጠፋ በረዶ ፍለጋ ጎረቤት ማንኳኳቴን ነገርኳቸው። ይቅርታም አላልኩ፤ ዓይኔንም አልሰበርኩም። የዕቃ መቆጣጠሪያውን ፕሮግራም ታውቂዋለሽ ወይ ሲሉኝም፣ "አላውቀውም፤ እማራለሁ" አልኩ። ትናንት ደውለው ሰኞ ጀምሪ አሉኝ። ጡረተኛው ሲሰሙ መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉ።

ስለ ልጅዎ በጠየቁኝ ቁጥር ሥራ በዝቶበት ነው እያልኩ ነበር። ከእንግዲህ ራሱን ይጠይቁት። ጠቅልሎ ሲወጣ ሸሚዞቹን ተኩሼ፣ አጣጥፌ ነው የሰጠሁት። አልረገምኩትም፤ እርስዎም እንዳይረግሙት።

ዛሬ ውል ልፈርም ስሄድ የቢሮው ጸሐፊ፣ ድንገት አንድ ነገር ቢደርስብሽ ማንን እንጥራ አለችኝ። ባለቤትሽን ልመዝግብ ስትለኝ፣ "የለም" አልኩና የእርስዎን ስልክ ሰጠኋት። ምንሽ ናቸው አለችኝ። "እናቴ" አልኳት። ሳላስፈቅድዎ ነው፤ ካጠፋሁ ይንገሩኝና አስፍቃለሁ።

ጤናዎን ይስጥልኝ፤ ጉልበትዎን ያጽናልኝ፤ ምርቃትዎ አይለየኝ።

ልጅዎ