ከማግኔቱ የማይላቀቅ ዘይት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1990

ቆሻሻ አይደለም! አይደለም አልኩህ! ቆሻሻ ቢሆን ሲገለብጡት ጠብ አይልም ነበር? ጥቁሩ ዘይት እኮ የእስፒከሩን ማግኔት እንቅ አድርጎ ይዞት ነበር... ወንድሜ ጆኒ ግን በቤንዚን አጥቦ ሙልጭ። "ምስጢርዬ፣ ከስምንተኛ ያቋረጥሽው አንቺ፣ መሐንዲሷም አንቺ!" አለኝ። ፒንሳውን ወረወርኩበት። ሳትኩት።

ልንጠግነው የተቀበልነው እስፒከር የለታ ነው፣ ላፍቶ ያለው የቪዲዮ ቤት ባለቤት። ከሱ ጋር ደግሞ ቀልድ የለም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ጆኒ ማግኔቱን ባዶውን ሲያየው ደነገጠ መሰለኝ። በሞረድ የተፋቀ የብረት ብናኝ በሞተር ዘይት በጠበጠ። ማግኔት ሲያስጠጋው እሾህ እሾህ ሆኖ ቆመ። "አየሽ? ያው ነው!" እስፒከሩ ውስጥ ሞልቶ ለለታ ወሰደለት። የተረፈውን ብርጭቆ ውስጥ ተውኩት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ብናኙ ሥር ዘቅጧል፣ ዘይቱ ከላይ ቀርቷል። የፋብሪካው እንዲህ አይለያይም... እስፒከሩ ውስጥስ? ማግኔቱ ብናኙን ይዞ ዘይቱን ይለቀዋል። ታዲያ ማግኔቱ መሀል ያለውን ሽቦ ምን ሊያቀዘቅዘው ነው? ይቃጠላል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ለታ መጣ። "ወንድምሽ የታለ?"

"ኪሴ ውስጥ።"

አልሳቀም። "የእስፒከሩ ድምፅ አመድ የቃመ ሰው መሰለ። ነገ ማታ አዲስ የህንድ ፊልም አለኝ። ከተቃጠለብኝ ጣቶቹን ነው የምሰብረው።"

እኔ ልሥራው አልኩ። "ሴት ዕቃዬን አትነካም። ራሱ ይምጣ።"

ጆኒ ይሄን ሰምቶ ጠፋ። ቤት አላደረም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ጆኒ፣ ይሄን ደብተር ማንም አንብቦት አያውቅም። ዛሬ ትራስህ ላይ ክፍት ትቼዋለሁ፤ ልብስህን ልትወስድ ሹልክ ብለህ መምጣትህ አይቀርም። ከተጣሉት እስፒከሮች መሀል ሽቦው የተበጠሰ፣ ጥቁሩ ዘይት ግን ያልደረቀ አንድ አገኘሁ። በባዶ የእስክሪፕቶ ቀፎ መጠጥኩት... ማግኔቱ አለቅም ሲል ግማሹ አፌ ገባ፣ አትሳቅ! ጥቂት ጠብታ ነው፣ ግን ይበቃል። ብናኙን ጠርገህ አንተ ታስገባዋለህ። ለታ እኔን አታስነካም ብሏላ።

አሁን ጠብታውን ይዤ ለታ ጋ ልሄድ ነው። እስፒከሩን እንዳያበራው በሩ ላይ እቀመጣለሁ። ግን ያንተን ድምፅ በጆሮው ሳይሰማ እኔን አያምነኝም፣ ፊልሙ ደግሞ ልክ ሲጨልም ይጀምራል። የቪዲዮ ቤቱ ስልክ ቁጥር የደብተሩ ሽፋን ላይ አለልህ። ፈርቻለሁ ጆኒዬ፣ በጣም። "መጣሁ" በለው ብቻ። ሳይመሽ ደውል!