ዘለበቱ በበሩ በኩል

ተስፍሽዬ፣ የእኔ ሰው፣

ከተለያየን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነን። እስካሁን ያልጻፍኩልህ ሐዘኑ ከብዶኝ ብቻ እንዳይመስልህ። ከብዶኛል፣ እሱን አንተም ታውቃለህ፤ ግን የምነግርህ ደህና ነገር እስኪኖረኝ እየጠበቅኩ ነበር። አሁን አለኝ፣ እንዲያውም ሞልቶኛል። ስለዚህ አርፈህ አድምጠኝ። ድሮም እኔ ሳወራ አንተ ብሎን በከንፈርህ ይዘህ ነበር የምትሰማኝ።

መጀመሪያ ትልቁን ልንገርህ፤ የመኪና ወንበር ሱቃችን አልተዘጋም። እዚሁ ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ፣ ከሱቆቹ ጀርባ፣ አንተ በተከልክበት ቦታ እንደቆመ አለ። የኤልኒኖ ዝናብ ያሉት ያ ዶፍ የጣሪያውን ግማሽ ቆርቆሮ ይዞት ሄዶ ነበር፤ ጎረቤታችን በያጁ ኦቲዬኖ ከእኔ ጋር ወጥቶ መልሶ መታው። አዎ፣ «ከእኔ ጋር» ነው ያልኩህ፤ ጣሪያ ላይ ወጥቻለሁ። ቱታህን ለብሼ! በወገቤ አልገባ ብሎ ሲያስቸግረኝ ግራና ቀኙን ቀድጄ ከወንበር ሽፋን የተረፈውን ቀይ ጨርቅ ቀጠልኩበት። ልጃችን ሩት ፎርም ስሪ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል፣ ገብታለች፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በዚያ ቱታ ስታየኝ «ማሚ፣ ፕሊስ፣ ጓደኞቼ እያዩሽ ነው» ትለኛለች። ይዩኛ!

አንተን ቀብረን በተመለስን ሳምንት፣ የሰው እግር ገና ከቤታችን ሳይቀር፣ ወንድምህ ጋሽ ኃይሉ መጡ። ክፋት አልነበረባቸውም፣ አልዋሽም። ሐሳባቸውን ጨርሰው ነበር የመጡት። መሣሪያውን እንሸጣለን፣ ቦታውን እንለቃለን፣ እኔ ደግሞ ሩንዳ፣ የሀብታሞቹ ሰፈር፣ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ የሚሠሩ የአገራችን ሰዎች ቤት ወጥ ሠሪ ሆኜ እገባለሁ፤ አነጋግረውልኛል። «አልማዝ፣ የመኪና ወንበር የሴት ሥራ አይደለም» አሉኝ። ወጥ መሥራት ነውር ሆኖብኝ አይደለም፤ እጄን ታውቀዋለህ። ግን ሃያ ዓመት ካንተ ጋር የቆምኩበትን ቦታ ሌላ ሰው ሊያስለቅቀኝ? እምቢ አልኩ። ሰው ፊት እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

ሃያ ዓመት ምን ስሠራ እንደነበር አንተ ብቻ ነህ የምታውቀው። ሌላው ሰው ምሳ የማመላልስ ይመስለዋል። ሚዛንህ እንደነበርኩ ማን ነገራቸው? አንድም መኪና እኔ ሳልቀመጥበት ከእጅህ ወጥቶ አያውቅም። አዲሱን የወንበር ቀበቶ ታስርልኛለህ፣ ጸጥ ባለው መንገድ ትነዳኛለህ፣ ከዚያ ሳትነግረኝ ፍሬን ትይዛለህ። «አንቺን ከያዘ ዝሆን ይይዛል» እያልክ ትስቃለህ፤ እኔም ትከሻህን በጥፊ እልሃለሁ። ታዲያ ስንት ወንበር ነው በጀርባዬ የማውቀው? ስፖንጁ ያነሰውን፣ ብሎኑ የላላውን፣ ቀበቶው ከትከሻ ላይ የሚንሸራተተውን ተቀምጬ ነበር የምነግርህ። አንተም አንድም ቀን «ዝም በይ» ሳትለኝ ፈተህ ትሠራው ነበር።

እናም ጀመርኩ። መጀመሪያ የተቀደደ ሽፋን፣ የሟሸሸ ስፖንጅ፣ የማታቱ ታክሲ ወንበር። ይሄንን ጋሽ ኃይሉም ዝም አሉት፤ ስፌት ነው ብለው። ቀበቶ ላይ ስደርስ ግን ተነሡብኝ። «ሽፋን ቢቀደድ ይሰፋል፣ ቀበቶ ግን የሰው ነፍስ ነው» አሉ። እሱስ ልክ ናቸው። አንተም የምትለው ይህንኑ ነበር።

ታዲያ ቤተ ክርስቲያናችን ያገለገለ ሚኒባስ ገዛች። ወንበሩ ተቦጫጭቋል፣ ግማሹ ቀበቶ የለም፣ ያለውም የተበጣጠሰ ነው። መጋቢያችን ለአልማዝ ይሰጥ አሉ፣ ጋሽ ኃይሉ አይሆንም አሉ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች የሚሳፈሩበት መኪና ነው፣ መሞከሪያ አይደለም አሉ። እኔ ከመካከል ብድግ አልኩና፣ ልሥራው፣ ጋሽ ኃይሉ ራሳቸው ይፈትሹት፣ አንድ ስሕተት ካገኙ በማግስቱ ሱቁን ዘግቼ ሩንዳ እገባለሁ አልኩ። በጉባኤ ፊት! ሩት ፊቷን በመዝሙር ደብተሯ ሸፈነች።

እንዴት እንደሠራሁት ብታይ። የተቆረጠ ቀበቶ ሰፍቼ አልመለስኩም፤ አንተ እንደምታደርገው ቆራርጬ ጣልኩት፣ ማንም ከቆሻሻ አንሥቶ እንዳይጠቀምበት። ስሱን የወለል ቆርቆሮ አላመንኩትም፤ ኦቲዬኖ ወፍራም ላሜራ ቆረጠልኝ፣ በእያንዳንዱ ብሎን ሥር ከታች አስገባሁ። ቀዳዳውን በትራፓኖ ራሴ በሳሁት። የተሳፋሪውን ወንበር ሁሉ አንድ በአንድ ተቀመጥኩበት፣ ቀበቶውን አስሬ በሙሉ ክብደቴ ተወረወርኩበት፤ ኦቲዬኖ «ማማ ሩት፣ መኪናው ይገለበጣል» እያለ ይስቅብኛል። የቀረኝ የሹፌሩ ብቻ ነበር። የመጨረሻውን ብሎን አጥብቄ ከመኪናው ሥር ስወጣ ጋሽ ኃይሉ፣ መጋቢውና ሌሎች ሽማግሌዎች ግቢው ውስጥ ቆመዋል። አልተቀመጥኩበትም ነበር።

ጋሽ ኃይሉ ቀጥታ ሄደው የሹፌሩ ቦታ ላይ ወጡ። ቀበቶውን ከትከሻቸው ሳቡ፣ በደረታቸው አሻግረው በግራ በኩል ዘለበቱን ቢፈልጉት የለም። ወደ ታች ቢዳብሱ የለም። በመጨረሻ በቀኛቸው፣ ከበሩ ጥግ አገኙት። ቀበቶው ከበሩ ወጥቶ ወደ በሩ የሚመለስ ሆነ ማለት ነው፤ ሰው ሳይሆን በር አስሬ! አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው «አላልኳችሁም?» አሉ። አንዱ ሽማግሌ በሳል አስመስሎ ሳቀ።

ተስፍሽ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ወጥ ቤቱ ታየኝ። ከዚያ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ናይሮቢ የገባን ሰሞን የሠራኸው የመጀመሪያ ሥራ ትዝ ይልሃል? የዚያ የኪሌሌሽዋ ሰፈሩ ሰውዬ መኪና? አዲስ አበባ መሪው በግራ ነው፣ የሹፌሩ ዘለበት በቀኙ ይታሰራል፤ እጅህ ያንን ለምዶ መሪው በቀኝ በሆነበት በዚህ አገርም በቀኝ አሰርከው፣ በበሩ በኩል። እኔም አጠገብህ ብሎን እያቀበልኩ አላየሁትም። ለማንም እንዳልናገር አስማልከኝ። እጄን ያስተማረው ያንተ እጅ ነው፤ ስሕተቱን ሳይቀር አውርሶኛል።

ሳቄ መጣ። መሬቱ ላይ ቁጭ ብዬ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ያበድኩ መስሏቸው መጋቢው «እኅቴ አልማዝ» እያሉ ቀረቡኝ። ይቅር በለኝና ነገርኳቸው፤ መሐላዬን አፈረስኩ። ወንድምዎ በዚህ ከተማ የሠራው የመጀመሪያ ቀበቶ ይኸው ነው፣ በዚያው በኩል፣ እሱን ግን ማንም ሱቅህን ዝጋ አላለውም አልኩ። ጋሽ ኃይሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ። ከሄድክ ወዲህ ስላንተ እንዲህ በሳቅ መሀል ሲሰሙ የመጀመሪያቸው መሰለኝ፤ ዓይናቸው ረጠበ።

እኔ ግን አልጨረስኩም። እሳቸውን ከወንበሩ አስወርጄ፣ ፈትቼ ላሜራውን ወደ ግራ አዛወርኩ፣ አጠበቅኩ፣ ራሴ ተቀምጬበት ተወረወርኩበት። ያዘ። ከዚያ «ጋሼ፣ ይግቡ፣ ከጎኔ ይቀመጡ» አልኳቸው። «ማን ሊነዳ?» አሉ። እኔ! እሑድ እሑድ ስታለማምደኝ ጎማው በድንጋይ ላይ ሲወጣ «ምንም አይደለም» ትለኝ አልነበር? መንጃ ፈቃዴን ከቱታዬ ኪስ አወጣሁና አሳየኋቸው። ከእኔ ይልቅ ወፍራም ናቸው፣ ከእሳቸው የተሻለ ሚዛን ከየት ይመጣል? ቀበቶውን ራሴ አሰርኩላቸው።

ወደዚያው አንተ ወደምትወስደኝ ጸጥ ያለ መንገድ ይዣቸው ሄድኩ። ሳልነግራቸው ፍሬን ያዝኩ። ባርኔጣቸው በርራ ከመስታወቱ ጋር ተጋጨች፤ እሳቸው ግን ከወንበሩ አልተነቃነቁም። እጃቸውን ደረታቸው ላይ፣ ቀበቶው ላይ አድርገው ዞር ብለው አዩኝ። በቃ፣ ሊሰድቡኝ ነው ስል፣ «እስቲ አንድ ጊዜ ድገሚው» አሉኝ።

ደገምኩት። ሦስት ጊዜ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። ሲመጡ «ዛሬ የሚመዘን አለ?» ይላሉ፤ ኦቲዬኖ ደግሞ «ምዜ፣ ሽማግሌው፣ ምሳ በልተሃል?» እያለ በስዋሂሊ ይቀልድባቸዋል። ሚኒባሱ ልጆቹን ይዞ ይመላለሳል፤ ሩትም ከፊት ተቀምጣ «እናቴ ነች የሠራችው» ስትል ሰምቻታለሁ፣ ሰማሁሽ አላልኳትም። ወጥ ልሠራላት የነበረችው የሩንዳዋ ሴትዮም ባለፈው የራሷን መኪና ይዛ መጣች፤ የልጆቿን ቀበቶ ሠራሁላት። ወጥ ሠሪ አግኝታለች አሉ፣ ጌታ ይባርክላት።

እንዳትረሺኝ ብለህ የጠየቅከኝ ጊዜ የለም፣ እንደዚያ ዓይነት ሰው አልነበርክም። ቃሌን ግን ሳልሰጥህ አልዘጋውም። የሹፌር ወንበር በሠራሁ ቁጥር እጄ ዘለበቱን ይዞ አስቀድሞ ወደ በሩ ይሄዳል። አውቄ አላረምኩትም፣ አላርመውምም። እዚያ ድረስ ይሂድ፣ እዚያ አንተን ያግኝህ፤ ከዚያ መልሼ አመጣውና በቦታው አጠብቀዋለሁ።

ሚዛንህ፣
አልማዝ