የሸምበቆውን መደብ ደፍነው ፀሐይ ለተከሉት ኃላፊ

ለክቡር የፍሳሽ ማጣሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቢሮዎ ከማጣሪያው ራቅ ብሎ፣ ሽታው በማይደርስበት በኩል ስለተሠራ፣ አተነፋፈስዎ በተለይ መልካም እንደሚሆን አምናለሁ። እኔ ላለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ፍሳሹን የሚያጠራው የሸምበቆ መደብ ተንከባካቢ ነኝ፤ ረስተውኝ ከሆነ፣ ሥራ የጀመሩ ሰሞን ቦቲ ጫማ ያዋስኩዎት ሰውዬ ነኝ። ይህን በአደባባይ የምጽፈው፣ በፖስታ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ስላጡ፣ ተጨማሪ ፖስታ በመቅደድ እንዳላደክምዎ ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ፀሐይዋ ላመስግንዎ። ሦስቱ የሸምበቆ መደቦቻችን መብራት የሚባል ነገር አይጠይቁም ነበር፤ የሰፈሩ ፍሳሽ ቁልቁለቱን ይዞ በጠጠሩና በሸምበቆው ሥር መካከል እያዘገመ ይገባል፣ ጠርቶ ይወጣል። እኔ የለመንኩዎት ከታች ያሉትን ጥቂት ቤቶች ፍሳሽ ቀን ቀን ወደ ላይ የምትገፋ አንዲት ትንሽ ፓምፕና ሁለት የሶላር ፓናል ብቻ ነበር። እርስዎ ግን ቸር ነዎትና ሰማንያ ፓናል አመጡልን። ፓናሉ ቦታ ስላጣ ሁለቱን መደቦች ደፍነው አቆሙት፤ መደቦቹ በመደፈናቸው ማጣሪያ ስለጎደለ አየር የሚነፋ ሞተር ገዙ፤ ሞተሩ መብራት ስለሚበላ ደግሞ ፓናሉ የግድ ሆነ። እንዲህ እርስ በርሱ የተዛዘለ ሐሳብ በዕድሜዬ አላየሁም።

ሁለተኛ፣ ሞተሩ ሌት ተቀን ካልነፋ ቆሻሻውን የሚበሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ታፍነው ይሞታሉ። የፓናሉ ባትሪ ግን ከመሸ በኋላ ሁለት ሰዓት እንኳ አይቆይም፤ ደመና ከሆነማ ሞተሩ ቀንም አይነሣም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚባለው እኛ ሰፈር በሞተር መጣ። ፀሐይዋን አልወቅስም፤ ድርሻዋን ተወጥታ ትገባለች። ለትንሿ ፓምፕ ቢሆን ኖሮ ታኮራን ነበር።

ሦስተኛው ላይ ብዕሬ ይከብዳል። መደቦቹ ከመደፈናቸው በፊት ነዋሪው ሲያጉረመርም ጠርተውኝ፣ “አንተን ያምኑሃል፣ አንድም ሸምበቆ አይነቀልም በላቸው” አሉኝ። እኔም አፌን ሞልቼ አርባ አንድ በር አንኳኳሁ። መጀመሪያ ያመነችኝ ታላቅ እህቴ ናት፤ ከማጣሪያው በሚወጣው ውሃ የዛፍ ችግኝ እያፈላች ልጆቿን ያሳደገች ሴት። በሳምንቱ ዶዘር መጣ። ዛሬ ውሃው አረፋ ይዞ ይከረፋል፣ ችግኞቿ ጠቁረው በስብሰዋል፤ እሷ ግን የተቀየመችው እኔን እንጂ እርስዎን አይደለም። እርስዎን ድሮም አላመነችም። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ፤ እኔን እርስዎ ጣሉኝ፣ እሷን ደግሞ እኔ ጣልኋት። ከድተውኛል፤ ይህን የምጠቀልልበት የጨዋ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

አራተኛ፣ ተቆጣጣሪዎች ናሙና ሲጠይቁ፣ ለማነጻጸሪያ ነው ብለውኝ ከቀረው ሦስተኛ መደብ አንድ ጠርሙስ ውሃ በገዛ እጄ ቀድቼ ሰጠሁዎት። ጠርሙሱ ላይ “ከአዲሱ ሞተር የወጣ” የሚል ወረቀት እንደተለጠፈበት ያወቅሁት፣ የምስክር ወረቀቱ ቢሮዎ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላ ነው። ሸምበቆው ተፈተነ፣ ሞተሩ ተሸለመ። አሁን ደግሞ፣ ሞተሩ ብቃቱን ስላስመሰከረ ያ የመጨረሻው መደብ ሐሙስ ይደፈን የሚል ትእዛዝዎ ደርሶኛል።

ትናንት እነዚያኑ አርባ አንድ በሮች እንደገና አንኳኩቼ፣ ጠርሙሱን ማን እንደሞላው ተናግሬአለሁ። አንዳንዱ ሰደበኝ፣ አንዳንዱ በሩን ዘጋብኝ። እህቴ ሰምታኝ ስታበቃ፣ ዶዘሩ ሐሙስ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ብቻ ጠየቀችኝ። ስለዚህ መደቡ ላይ ቆመን እንቀበለዋለን፤ ከአቀባበሉ እንዳይጎድሉብን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ሹመትዎ እንዲረዝም፣ አፍንጫዎም ከክፉ ነገር እንዲጠበቅ ከልብ እየተመኘሁ፣
ሳላውቅ ግብረ አበርዎ የሆንኩት
የሸምበቆው ተንከባካቢ

ማስታወሻ፦ ዛሬ ጠዋት ከሞተሩ ቱቦ ሁለት ጠርሙስ ቀድቼ፣ ከየት እንደተቀዳ ጽፌ ፈርሜባቸዋለሁ። አንዱ ለተቆጣጣሪዎቹ ተልኳል፤ ሌላው ጠረጴዛዎ ላይ ነው። ክዳኑን ከመንካትዎ በፊት መስኮቱን ይክፈቱ።