ለትራክተሩ ዋስ የሆነው ሰው

ይድረስ ለአባዬ፤

ከተለዩን አሥራ አንድ ወር ሆነ። ለቀብርዎ ሳልደርስ ቀርቼ፣ ከዐረብ አገር የገባሁት ለአርባዎ ነው። እማዬ ደኅና ናት፣ ጉልበቷን ግን ያማታል። ዳልቻው በሬ ሞተ፤ ቡሬውን ብቻውን ምን ላድርገው ብዬ ሸጥኩት። ከጋፋት በታች ያለው ማሳ በዚህ ሰኔ ካልታረሰ ለእኩል አራሽ መስጠታችን ነበር። ግማሽ እህል ደግሞ ለእናትና ልጅ አይበቃም፤ እማዬን ብቻዋን ጥዬ ተመልሼ የሰው ቤት ልገባ ነበር። እሱን ሳስብ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለዚህ አሮጌ ትራክተር ልገዛ ተነሣሁ። እባክዎ አይሳቁብኝ።

ሰው ማመን እንደማልችል ያውቃሉ። ከማን እንደወረስኩትም አንቱም እኔም እናውቃለን። በሬ ሊገዙ ሲወጡ ከኋላዎ እከተልዎ የነበረው ትዝ ይለኛል። ያማረ በሬ ሲያዩ ጭራሽ ይሸሹት ነበር። ጨው አልሰውት፣ ውኃ ሞልተውት ነው ሆዱ የተነፋው ይሉኝና፣ ገበያ በሌለበት ቀን ሻጩ ደጅ ድረስ ይሄዱ ነበር። ጥርሱን አይተው፣ ትከሻውን ዳስሰው፣ ዋስ ጠርተው፣ ወስደው አርሰው ሳይፈትኑ አንድም በሬ ገዝተው አያውቁም።

ትራክተር እንደምፈልግ ቀድሞ የሰማው ታናሽ ወንድምዎ አለነ ነው። አንድ ትልም ድንበር ገፋብኝ ብለው እስከ ዕለተ ሞትዎ ያላናገሩት አለነ! በዕድሜ ብዙም ስለማይበልጠኝ እስካሁን አንተ ነው የምለው። ደብረ ታቦር የሚሸጠውን ትልቁን ተይው፣ ክረምት ጭቃው ይውጠዋል፣ ናፍጣም ይጨርስብሻል አለኝ። ለእኛ ቁራጭ መሬትና ለጋሪ መጎተቻ ሐሙሲት ያለው ትንሹ ይበቃል አለ። እኔ ምን አልኩ? አሃ! ደካማውን አስገዝቶኝ፣ ሲያቅተኝ ማሳውን ለእኩል ሊወስድ ነው።

እልህ ይዞኝ ትልቁን ላየው ሄድኩ። ቀይ ቀለሙ ገና እጅ ይይዛል። ሻጩ ሊያስነሣልኝ ሲወጣ ሞተሩን በእጄ ዳሰስኩት፤ ትኩስ ነው። ከመምጣቴ በፊት አሙቀውታል ማለት ነው። ጨው የላሰ በሬ ይሏል ይኸ ነው፣ አባዬ! በማግስቱ ሳልነግረው በማለዳ ከች አልኩበት። ሰውየው እስኪያልበው ታግሎ፣ በሌላ መኪና አስጎትቶ ነው ያስነሣው። ጭሱ ሰፈሩን አጠቆረው። በቀዝቃዛ ሞተር ሻጭ ሊዋሽ እንደማይችል ያኔ ገባኝ።

ሐሙሲት ስሄድ አለነ አትምጣ ብለውም ተከተለኝ። ትንሹ ትራክተር ቀለሙ ነጥቷል፣ መቀመጫው በማዳበሪያ ጆንያ ተሰፍቷል፤ ግን ቀዝቃዛ ሳለ በአንዴ ተነሣ። እኔ ግን አላመንኩም። ሐሙሲት ይሞቃል፣ የእኛን የጉና ተራራ ብርድ ምን ያውቅና ነው? እንደ በሬ ወስጄ እኔ ዘንድ አሳድሬ ልፈትነው አልኩ። ባለቤቱ ከት ብሎ ሳቀ። የብረት ፈተና ሰምቶ አያውቅማ! ሳቁን ሲጨርስ ግን ዋስ ጥሪ አለኝ። ዋስ ከየት ላምጣ ብዬ ስቁለጨለጭ አለነ ሳልጠይቀው እኔ ነኝ ዋሷ አለ። አልደብቅዎትም፣ ይኸን ሁሉ ደግነት ከየት አመጣው ብዬ የባሰ ጠረጠርኩት። ትራክተሩ ሁለት ቀን እኛ ጋ አደረ። ዝናብ ባደረበት ጠዋት እንኳ ሲያስል ሲያስል በሦስተኛው ተነሣ። ገዛሁት።

መንዳቱን ከተማ ካለ ጋራዥ ተማርኩ። ማሳውን ራሴ ገባሁበት፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሴት ስታርስ ለማየት ወጣ። ድንበሩ ጋ ስደርስ ሆን ብዬ ቆምኩ። አንቱ ድንበራችን ነው የሚሉት የቱ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን አለነን ቀድመህ አሳየኝ አልኩት። ዓይኔን ከእግሩ አልነቀልኩም፣ ወደ እኛ ሲገፋ እጅ ከፍንጅ ልይዘው። አባዬ፣ የሄደው በራሱ ማሳ ውስጥ ነው። አንቱ ይከራከሩባት የነበረችውን ትልም ለእኛ ትቶ፣ አንድ ሌላም ጨምሮ።

ሞተሩን አጥፍቼ ለምን ብዬ ጠየቅኩት። ያኔም አባትሽን ይህችን ውሰድ፣ እንታረቅ ልለው ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ይዤ መጥቼ ነበር፣ በሩን አልከፈተልኝም አለኝ። እማዬን ብጠይቃት እውነት ነው አለችና አለቀሰች።

ተናደድኩብዎ፣ አባዬ። እወድዎታለሁ፣ ይናፍቁኛል፣ ግን ተናደድኩብዎ። ወንድምዎ በቀብርዎ ቀን እንኳ ከሩቅ ቆሞ ነው ያለቀሰው አሉ። በሬ የሚፈተንበት ዓይን ለወንድም አይሆንም ነበር። እኔም ያንኑ ዓይን ይዤ ስንት ቀን አንገላታሁት!

ሙት ዓመትዎ በመጪው ወር ነው። እኔ በሕይወት እስካለሁ ስምዎ ከቅዳሴው አይቀርም፣ ማሳዎም ጦሙን አያድርም፤ ከእማዬም አልለይም። የድግሱ ኃላፊ ያደረግሁት ግን አለነን ነው። ቅር ቢልዎም ይበልዎ፤ በርዎን እኔ ከፍቼለታለሁ።

ልጅዎ