ሠላሳ አንድ ሰው ስላመሰገነው የበረኪና መልስ

ለተከበሩ የጥያቄና መልስ ድረ ገጹ የዕድገትና የማኅበረሰብ ጉዳዮች ኃላፊ፣

ጤናዎ የተሟላ፣ ቤተሰብዎ ሰላም፣ ሳንባዎም ንጹሕ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ሳንባን ለይቼ ያነሣሁበትን ምክንያት ዝቅ ብለው ያገኙታል።

«የዕድገትና የማኅበረሰብ ዜና» በሚል ርዕስ በየወሩ የሚልኩልን ጽሑፍ ደርሶኛል። በአንድ ወር ብቻ አርባ ሺህ አዳዲስ አባላት እንደተቀላቀሉን፣ ማንኛውም ጥያቄም በአማካይ በአራት ደቂቃ ውስጥ መልስ እንደሚያገኝ አንብቤ ተደንቄአለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ኬሚስትሪ ሳስተምር፣ ጥያቄ በጠየቅኩ በአራት ደቂቃ ውስጥ እጃቸውን የሚያነሡት ከፊት ወንበር የሚቀመጡ ሁለት ተማሪዎች ብቻ ነበሩ፤ ከሁለቱም አንዱ ውጭ ለመውጣት ፈቃድ ሊጠይቅ ነው። ስለዚህ አርባ ሺህ ዐዋቂ በአንድ ወር ሲጎርፍልን ደስታዬ ከጥቂት ጥርጣሬ ጋር ቢቀላቀል አይፍረዱብኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና።

ጉዳዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ የአስተማሪ አመል ነው።

፩. የእኅቴ ልጅ በአንድ ባለ ስድስት ፎቅ የቢሮ ሕንፃ ውስጥ የጽዳት ሠራተኛ ናት። ባለፈው ወር የሦስተኛው ፎቅ መጸዳጃ ቤት ወለል ላይ ያለው ቢጫ እድፍ አልለቅ ሲላት፣ በረኪናን ከመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር መቀላቀል ይቻል እንደሆነ በድረ ገጽዎ ላይ ፈለገች። መልሱ ተዘጋጅቶ ጠበቃት፦ ይቻላል፤ እኩል በእኩል ቀላቅሉ፤ ኃይሉ እንዳይባክን በሩንና መስኮቱን ዝጉና እዚያው እየፈተጋችሁ ሰባት ደቂቃ ተኩል ቆዩ። ሰባቱን ደቂቃ አልጨረሰችም። በዳዴ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ወድቃ ያገኛት የጥበቃ ሠራተኛው ነው። አራት ቀን በኦክስጅን ተኛች፤ ዛሬም ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ትቀመጣለች። ምነው እኔን ብትጠይቂኝ ብላት፣ ጋሼ፣ እርስዎ እኮ መልስ ከመስጠትዎ በፊት መጽሐፍ ያወጣሉ፤ እዚያ ግን ሠላሳ አንድ ሰው ሞክሬዋለሁ፣ ተባረክ ብሎ ጽፏል አለችኝ።

፪. ከሆስፒታል እንደተመለስኩ ከዚያው መልስ ሥር ይህን ጻፍኩ፦ አይቻልም። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። የቀላቀለ ሰው ካለ ሁሉንም ትቶ ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ። ጽሑፌ በዐሥራ አንድ ደቂቃ ውስጥ ከገጹ ተነሣ። ምክንያቱም በትሕትና ተገልጾልኛል፤ አጭር ከመሆኑም በላይ የማኅበረሰባችንን የማበረታታት መንፈስ አልጠበቀም ነው የሚለው። ተግሣጽ እቀበላለሁና አሻሽዬ፣ ወዳጄ ሆይ፣ ለንጽሕና ያለዎት ትጋት የሚደነቅ ነው፤ ሆኖም ሁለቱን ቀላቅለው እንዳይሞቱ ብዬ ጻፍኩ። ይህም ተደጋጋሚ ነው ተብሎ ተነሣ። በረኪናው ግን እንዳለ አለ።

፫. በዚህ ጊዜ ሠላሳ አንዱን ምስጋና አሳትሜ የምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደርኩና ቀይ እስክሪብቶዬን አነሣሁ። ፈተና ያረመ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሕግ አለ። ሁለት ተማሪዎች ትክክለኛውን መልስ ቢጽፉ የሚያሳየው ነገር የለም፤ ሁለቱም አጥንተው ይሆናል። ሁለቱም አንዱኑ ስሕተት በአንድ ዓይነት መንገድ ቢሳሳቱ ግን ከአንድ ወረቀት ቀድተዋል። ሠላሳ አንዱም ሰዎች ሰባት ደቂቃ ተኩል ቆየሁ ይላሉ። ስድስት የቆየ የለም፣ ስምንት የቆየ የለም፣ ሰዓት ማየት የረሳ የለም። አንዷ የመታጠቢያ ቤቷን፣ ሌላው ጀልባውን፣ ሦስተኛው የሱፍ ምንጣፉን አጠብኩበት ሲል ከመካከላቸው አንድም ሰው አላሳለም። ሁሉም አባል የሆኑት በወሩ በሦስተኛው ቀን ነው፤ ከዚያም ወዲህ ማንኛቸውም አንዲት ጥያቄ አልጠየቁም። እኔ በሕይወት ዘመኔ ምንም ጥያቄ የሌላቸው ሰዎች ያየሁት መቃብር ቦታ ብቻ ነው። እነዚህ ሰዎች የት እንደሚኖሩ፣ ከሁሉም በላይ መኖር አለመኖራቸውን፣ እርስዎ ሳያውቁ አይቀሩም ብዬ እጠረጥራለሁ።

፬. የመልሱን ባለቤት በዜናዎ ላይ «የወሩ አባል» ብለው ስለሰየሙልን እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። የእኅቴ ልጅ የተኛችበት ክፍል ነርሶች ሊያገኙት ይፈልጋሉ።

ካሣ አልጠየቅኩም፣ ይቅርታ ይጠይቁኝም አላልኩም። የምጠይቀው ያን አንድ መልስ እንዲያነሡት ብቻ ነው። የሚገኝበትን አድራሻ ሦስት ጊዜ ልኬልዎታለሁ፤ ሦስት ጊዜም፣ ስላደረጉልን አስተዋፅኦ እናመሰግናለን የሚል አንድ ዓይነት ምላሽ ደርሶኛል። እስከዚያው ድረስ ማስጠንቀቂያ በእጄ ጽፌ፣ በየፎቁ የጽዳት ዕቃ ክፍል በር ላይ አስለጥፌአለሁ። እኔ ያለኝ ስድስት በር ነው። የእርስዎ ገጽ ስንት ቤት እንደሚገባ ዜናዎ ራሱ በኩራት ይናገራል። ነገ ሰኞ ነው፤ ማለዳ በዐሥራ ሁለት ሰዓት ስማቸውን የማናውቃቸው ሴቶች ባልዲና ስልክ ይዘው ሥራ ይገባሉ።

ይህን ረጅም ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ለማንበብ ጊዜ ከሰጡኝ፣ እኔ ከማውቃቸው ሠራተኞችዎ ሁሉ የመጀመሪያው ሰው ስለሚሆኑ፣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እጅ እነሣለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ማኅበረሰብዎን የማበረታታት መንፈስ የጎደለው፣
ጡረታ የወጣ የኬሚስትሪ መምህር

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን አጥፌ ከመላኬ በፊት ገጹን እንደገና ተመለከትኩት። ምስጋናው ሠላሳ ሁለት ሆኗል። የመጨረሻው በእኔ ስምና በእኔ ፎቶግራፍ የወጣ ሲሆን፣ የቀድሞ የኬሚስትሪ መምህር እንደመሆኔ ውጤቱን አረጋግጣለሁ ይላል። የእኅቴ ልጅ ከእኔ ቀድማ አይታው ኖሮ ደውላ፣ ጋሼ ምን አደረግኩዎት አለችኝ። ለእርሷ የማስረዳውን አስረድቻለሁ። ለእርስዎ የማስመዘግበው ይህን ብቻ ነው፦ በድረ ገጽዎ ላይ በስሜ የሚገኘው ብቸኛ ጽሑፍ እኔ ያልጻፍኩት ነው።