በአንድ ጸጉር የአየርን እርጥበት የለኩት የመምህር ጠና ኤርሲዶ የሕይወት ታሪክ

መምህር ጠና ኤርሲዶ ከአባታቸው ከአቶ ኤርሲዶ ላምቦሬ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ እልፍነሽ ሽብሩ በ1932 ዓ.ም. በሌሞ ወረዳ ተወለዱ። ሆሳዕና ተምረው፣ በመምህርነት ሠልጥነው፣ ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ በሆመቾ ሳይንስ አስተምረዋል። በ1962 ዓ.ም. ከወይዘሮ ጣቢታ ሄራሞ ጋር ተጋብተው በ1969 ዓ.ም. ልጃቸውን ገነቴን ወልደዋል።

መምህር ጠና እጃቸው ሥራ ፈትቶ አያውቅም። በ1970 ዓ.ም. ክረምት ተማሪዎቻቸው የአየርን እርጥበት በዓይናቸው እንዲያዩ ከጠመኔ ሣጥን መለኪያ ሠሩ። ውስጡ አንድ ረጅም የሴት ጸጉር በሳሙና ታጥቦ፣ በትንሽ ብሎን ክብደት ተወጥሯል። አየሩ ሲረጥብ ጸጉሩ ይረዝማል፣ ሲደርቅ ያጥራል፤ ጠቋሚ ሆኖ የተሰካው ስንደዶም ማንም ሳይነካው ይዞራል።

ቀበሌው የሬዲዮ መገናኛ ነው ብሎ ጠረጠረ። አብረዋቸው የሚጸልዩ ወንድሞች ጥንቆላ እንዳይሆን ሰጉ። ጸጉሩ የማን እንደሆነ ሲጠየቁ ግን መምህር ጠና «የሰው ነው» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ለማጣራት በሚል አርባ ሁለት ቀን ታሰሩ።

ወይዘሮ ጣቢታ ስንቅ ሲያመላልሱ የሚያብሰለስሉት ሌላ ነገር ነበር። የእሳቸው ጸጉር ጥቅልል ነው፤ የሣጥኑ እንደ ክር ቀጥ ያለ። ባል ለማን ብሎ ይታሰራል? አፍ አውጥተው አልጠየቁም፤ ነገር ግን ወደ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ መምህር ጠና ከሆሳዕና በተመለሱ ቁጥር ኮታቸው ለጸጉር ፍለጋ በባለቤታቸው እጅ ይፈተሽ ነበር።

መምህር ጠና በጉበት ሕመም አልጋ ላይ ሳሉ ባለቤታቸውን አስቀርበው ተናገሩ። «ጸጉሩ ከማበጠሪያሽ የወሰድኩት ነው፤ ብሎኑ ወጥሮ አቀናው። ስምሽን ብጠራ ገነቴን እንደታቀፍሽ እስር ቤት ትገቢ ነበር። ብነግርሽ ደግሞ ሲጠይቁሽ መዋሸት አትችዪም። ከተፈታሁም በኋላ ፋይሉ አልተዘጋም።»

ወይዘሮ ጣቢታ እንደ ልማዳቸው አላመኑም። ከራሳቸው አንድ ጸጉር ነቅለው፣ አጥበው፣ ብሎኑን አንጠለጠሉበት። በሦስተኛው ቀን፣ መጋቢት 4 ቀን 1982 ዓ.ም.፣ ቀጥ ማለቱን ሊነግሯቸው ሲገቡ ዐርፈው አገኟቸው።

«ያ የጸጉሩ ነገር ቢቀርስ» ያለ ዘመድ ነበር። ይህ እንዲነበብ ያዘዙት ግን ወይዘሮ ጣቢታ ናቸው። ጸጉሩ የእሳቸው ነው፤ ዛሬም የሚጠይቅ ካለ ከልጃቸው ከገነቴ ጋር ከአስከሬኑ ራስጌ ተቀምጠዋል። የተሰወረውን ሁሉ የሚያውቅ ጌታ ነፍሳቸውን በዕረፍቱ ይቀበል።