በስልክ የታጠፈ ጉልበት

ኅዳር 3
ምሳ፣ ዓሣ በኮኮናት። ሙቀቱ አይጣል ነው። ከሰዓት ኪትሳኦ በቪዲዮ ደወለ... ሞምባሳ ያለው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ። ስልኩን የስኳር ጣሳው ላይ አስደግፌ ፊት ለፊቱ ቁጭ አልኩ። "ማማ ባርኬ፣ እስቲ ጉልበትዎን እጥፍ ዘርጋ ያድርጉት።" አደረግኩ። "ጎሽ! በጣም ጥሩ!"

የወደቡ ደረጃ ላይ ወድቄ የጉልበቴ ሎሚ የተሰበረ ጊዜ፣ በጀልባና በአውቶቡስ ያየሁትን መከራ እኔና አላህ ነን የምናውቀው። አሁን ሐኪሙ ራሱ ላሙ ደሴት ድረስ፣ ሳሎኔ ይመጣል። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? እግሬ ግን ያው ግንድ ነው። እሱ ጥሩ ነው ካለ... እንግዲህ እሱ ያውቃል።

ኅዳር 8
እህቴ ዘይቱን መጣች። የልጇ የሹፋ ሰርግ ጥር መጨረሻ ነው።

"ሂናዋን ማን ይሥላል?" አልኳት፣ እኔ መሆኔን እያወቅኩ። ዓይኗን ሰበረች። "ያቺን ሂና ሣይ፣ ሚዛን ልንጠይቃት አስበናል።"

ሚዛ! የሷ አበባ እኮ ጎመን ነው የሚመስለው! የዚህ ከተማ ሙሽራ ሁሉ በእኔ እጅ አልፋ፣ የገዛ እህቴ ልጅ ለሚዛ?

"ባርኬ፣ ሙሽሪት መሬት ተጋድማ አንቺ ወንበር ላይ ሆነሽ ልትሥዪ ነው? መሬት ብትቀመጪስ ማን ያነሳሻል? በሰርግ ቤት እንደ ሩዝ ጆንያ ልንጎትትሽ?"

ሰደብኳት። ሄደች። አለቀስኩ። እውነቷን መሆኑ ነው የሚያናድደው።

ለኪትሳኦ ቁርጡን ነገርኩት። እስከ ሰርጉ መሬት ተቀምጬ፣ ያለ ሰው እጅ መነሳት አለብኝ። ሳቀ። "እንዲህ እየታጠፈልዎትማ ምን ችግር አለ?"

ኅዳር 19
ሞከርኩ። ከአልጋው ጠርዝ ወደ ምንጣፉ... ዘጭ! ባሌ አትማን ከመስጊድ እስኪመለስ እዚያው ቀረሁ። "ምነው፣ መሬቱ ተመቸሽ?" ይለኛል ደግሞ፣ የማይረባ።

ኅዳር 20
ኪትሳኦ ላይ ጮህኩበት። "ጥሩ ጥሩ ትለኛለህ፣ ጥሩው የታለ?" ወደ ስልኩ ጠጋ አለ። ከዚያ፣ "ማማ... ያንን ሰፊ ጥቁር ቀሚስ፣ ቡይቡዩን፣ ስንሠራ ሁልጊዜ ለብሰውት ነው?"

"ታዲያ! ወንድ እያየኝ ላውልቀው?"

ግንባሩን ያዘ። ለካ እኔ ከዳሌዬ ስነቃነቅ ልብሱ ይወዛወዛል፣ እሱ ደግሞ ጉልበት ታጠፈ ይላል! "ክሊኒክ ቢሆን አንዴ ስነካው አውቅ ነበር። መጠየቅ ነበረብኝ፣ ይቅርታ" አለ። እኔስ? ወንድነቱ ብቻ ታየኝ፣ ሐኪምነቱን ረሳሁት። ስንት ጊዜ በከንቱ ባከነ!

ሞምባሳ ይምጡ አለኝ። እንደገና ያ ጀልባ? ያ አውቶቡስ? "አልመጣም። ሌላ ዘዴ አምጣ።"

አሰበ፣ አሰበ። "ገላዎን ማየት አያስፈልገኝም። ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት መስመሩን ብቻ ባየው..."

መስመር? መስመር ከሆነማ ሰው አገኘህ!

ኅዳር 21
የአትማንን የድሮ ጠባብ ሱሪ ለበስኩ። በጎኑ፣ ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ወፍራም መስመር በሂና ሣልኩበት። "ሱሪዬን!" አለ አትማን። "ዝም በል፣ ቦርጭህ ካሰናበተው ቆየ።"

ኪትሳኦ አየና፣ "ማማ፣ ምንም አልታጠፈም" አለ። ከፋኝ... ግን እውነቱን አወቅን። ከዚያ አትማንን ጠራው። "ባባ፣ ከዛሬ ጀምሮ የኔ እጅ እርስዎ ነዎት።" ተረከዜን እንዴት እንደሚይዝ፣ የት እንደሚያቆም አሳየው። ሲወጥር ቀጥሉ፣ እንደ ስለት ሲወጋ አቁሙ አለን። አትማን ጀልባ ሠሪ ነው፣ እጁ ጣውላ። "እግር ነው እንጂ መቅዘፊያ አይደለም!" አልኩት።

ታኅሣሥ 9
ኔትወርክ የለም። የስልክ ሐኪም እንዲህ ነው፣ ነፋስ ሲነሳ ይጠፋል። እኔና አትማን ብቻችንን ሠራን። እጁ ለስልሷል... ወይስ እኔ ለመድኩት?

ታኅሣሥ 17
ታጠፈ!!! መስመሩ ጎበጠ! ኪትሳኦ ብድግ ብሎ ጨፈረ። ከጀርባው ክሊኒኩ ውስጥ ያሉት "ምን ሆነ ይሄ ሰው?" ሲሉ ሰማሁ።

ጥር 6
መቀመጡ ሆነ። መነሳቱ እምቢ አለ። አትማን እጁን ዘረጋልኝ፤ መታሁት። "በጎን ይዙሩ፣ እጅ መሬት፣ ከዚያ ዳሌ" ይላል ኪትሳኦ። ነገም እንሞክራለን።

ጥር 15
ዘይቱን ቤት በእግሬ ሄድኩ። ሥራው የኔ ነው አልኳት። "እሺ... ግን ሚዛም ትምጣ፣ ምናልባት ቢያቅትሽ።" ትምጣ! መጥታ ትይ!

ጥር 24
የሂናው ቀን ደረሰ፤ ሹፋ ምንጣፉ ላይ ተጋደመች። ሴቶቹ ከበው ይዘፍናሉ። ሚዛ ሂናዋን በጥብጣ በሩ ሥር ተቀምጣለች፣ እንደ ድመት። ሴቶች ክፍል ስልክ ክልክል ነው፤ ኪትሳኦ የለም፣ አትማንም የለም።

ጉልበቴን አጥፌ ወረድኩ። ከጣቶቿ ጫፍ ጀመርኩ። ሐረጉ እጇን ይዞ ወጣ፣ እግሯ ላይ አበባው ፈነዳ... እግሬን ረሳሁት! ከተሰበርኩ ወዲህ እንዲህ ረስቼው አላውቅም።

ጨረስኩ። ዘይቱን ጀርባዋን ሰጥታ ለሚዛ ሳምቡሳ ታቀርባለች። በጎን ዞርኩ። እጄ መሬት። ከዚያ ዳሌ። ያ አላህ፣ እዚህ አታዋርደኝ...

ቆምኩ።

እልልታው ቤቱን አናጋው። ዘይቱን ደንግጣ ዞረች። ዓይኗ ከእግሬ ወደ ፊቴ፣ ከፊቴ ወደ እግሬ።

"ባርኬ! ማን አነሳሽ?"

"ማንም።"